ባለሜዳ የሌለበት ሜዳ

ስለ አገራችን ስፖርት ከሚነገረው ሁሉ፣ ዛሬ እንደ ጸና እውነት ተቆጥሮ ማንም ሳይመረምረው የሚቀበለው አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም ውድድር በየትኛውም ከተማ ቢደረግ፣ በየትኛውም ቀንና ሰዓት ቢጀመር፣ በቴሌቪዥን እስከ ታየ ድረስ ተመልካቹ የሚጎድልበት ነገር የለም የሚለው ነው። ይህን አስተያየት የያዙት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ለእግር ኳሳችን የደከሙ፣ ክለቦች የመንግሥትን እጅ ብቻ እንዳያዩ ሌላ የገቢ ምንጭ የፈለጉ፣ በሜዳ ላይ የሰው ደም እንዳይፈስ የተጨነቁ ናቸው። ነገር ግን የአሳቢው ቅንነት አሳቡን ርቱዕ አያደርገውምና፣ እኔም ከላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ከተማ ሆኜ ነገሩን ስከታተል የቆየሁ የኳስ ወዳጅ እንደ መሆኔ መጠን፣ አስተያየቱ ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም በጊዜ ካልታረመ የሚጎዳው ሊጉን ራሱን መሆኑን ለማስረዳት ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በችግር ቀን ነው። የ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይፈጸም ተሠርዞ ከቀረ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ ሲከፈት፣ ቡድኖቹ እንደ ቀድሞው እየተመላለሱ በየሜዳቸው መጋጠማቸው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደሚቀጥለው አስተናጋጅ ከተማ እንዲሻገሩ ተወሰነ፤ የሊጉ አክሲዮን ማኅበርም የቴሌቪዥን ሥርጭቱን መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ግድም ለዲኤስቲቪ ባለቤት ለመልቲቾይስ ሰጥቶ ስለ ነበረ፣ የቀረጻውን መሣሪያ በየከተማው ከማዞር ይልቅ በአንድ ሜዳ ተክሎ መሥራት የሚቀል ሆነ። ወረርሽኝ ባለበት ዘመን ይህ ብልኀት ነበረ፤ ማንም አይነቅፈውም። የሚነቀፈው፣ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ለመከራ ቀን የታሰበው መላ የዘወትር ሥርዓት ሆኖ መቀጠሉ፣ አዳማና ሐዋሳ ድሬዳዋም የቡድኖች ሁሉ ማረፊያ ሲሆኑ የሌላው ከተማ ሜዳ የሊግ ጨዋታ እንደ ናፈቀው መክረሙ፣ ከዚህም የሚከፋው፣ ይህ ሁሉ እንደ ዕድገት መቆጠሩ ነው።

በዚያው በ2013 ዓ.ም. የሆነውን አንድ ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በዚያ ዓመት ነበረ። አስተናጋጆቹ ከተሞች ግን አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ እንጂ ጎንደር ከእነርሱ አልተቆጠረችም። ስለዚህ ያ ሕዝብ፣ ቀይና ነጩን ለብሶ በፋሲለደስ ስታዲየም ድንጋይ ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ቡድኑን ከታችኛው ሊግ አንሥቶ እስከ ላይኛው ያደረሰው ሕዝብ፣ ቡድኑ ከአገሪቱ ቡድኖች ሁሉ በላይ በሆነበት በዚያ ዓመት አንዲት የሊግ ግጥሚያ እንኳ በገዛ ከተማው ሳያይ ሻምፒዮን ተባለ። ዋንጫው ሲመጣ እልልታ ነበረ፤ ደስታው እውነተኛ ነበረ። ይሁን እንጂ ያችን የመጨረሻዋን ድል፣ ያችን የዳኛ ፊሽካ፣ አባት ለልጁ «እዚያ ነበርሁ» ብሎ የሚተርካትን ሰዓት፣ ጎንደር አላገኘቻትም፤ ወደ ፊትም ሌላ ዋንጫ ቢመጣ የመጀመሪያው ዋንጫ ዳግመኛ የመጀመሪያ አይሆንም። ይህን ኪሣራ በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ላይ እንደሚጽፉት የማኅበሩ ሹማምንት ቢነግሩኝ እወድ ነበር።

«ሁሉም በቴሌቪዥን ያያል» የሚሉን ሰዎች እስቲ አንድ ቀን ላሊበላ ይምጡና በሥራ ቀን በ9 ሰዓት ከሚጀመር ግጥሚያ ፊት ይቀመጡ። ዲሽ ያለው ሻይ ቤት አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ባለቤቱ ወርኃዊውን ክፍያ የሚከፍለው ለእንግሊዝ ኳስ ብሎ ስለ ሆነ፣ የአገር ውስጡ ሊግ የሚከፈተው ሰው ከጠየቀ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ግንበኛው ድንጋይ ላይ ነው፣ አስጐብኚው ከእንግዳ ጋር ከቤተ ማርያም ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ይወርዳል፣ አስተማሪው ክፍል ውስጥ ነው፤ በአግዳሚው ላይ የሚገኙት ሥራ ያጡ ጐልማሶችና ከትምህርት ቤት ያመለጡ ልጆች ናቸው። መስኮቱ ላይ የሚታየውም ነገር ዐይን ይነሣል፤ ሃያ ሁለት ጐልማሶች ባዶ ሲሚንቶ ከቦአቸው ይሮጣሉ፣ አሠልጣኙ ከመስመር ላይ ሲጮኽ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል፣ ኳሱ መረብ ሲነካ የሚጮኹት የተቀያሪዎቹ ወንበርና የጥቂት ሰዎች እጆች ብቻ ናቸው፤ ካሜራውም ሰው ወዳለበት ወደ አንዲት ጥግ እየተመለሰ ያችኑ ጥግ ደጋግሞ ያሳያል። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ ልምምድ ነው ወይስ ጨዋታ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ አላጠፋም። ሕዝብ የሌለበትን ግጥሚያ ከልምምድ የሚለየው የነጥብ ሰንጠረዡ ብቻ ነውና።

«ሁሉም ያያል» የሚለውም ቃል ራሱ እውነት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ላስታን ሲያንቀረቅበው፣ ላሊበላም ከአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ኃይል እየተላለፈች በቆየችበት ወራት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ መብራት ተቋርጦ በከረመበት ዘመን፣ በዚህ አገር ኳስ አይደለም የስልክ ባትሪ መሙላትም ጭንቅ ነበረ። መብራት ባለበትም ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ በየቀበሌው የሚኖረው የላስታ ገበሬ ዲሽ የሚያገኘው ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የሱ የሥራ ቀን ነው። ሥርጭቱ ለተመልካች ተጨማሪ በረከት እንጂ የሜዳ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ምትክ ነው ብሎ የያዘ ሰው ከተማን ብቻ አገር ነው ብሎ የያዘ ሰው ነው።

ላሊበላ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ኖሮአት አያውቅምና ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም፤ እኛን ያገባን በወልድያ በኩል ነው። የሰሜን ወሎ ዋና ከተማ ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር በሼህ መሐመድ አላሙዲን ስም የተሰየመው፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ሲመረቅላት፣ ቡድኗም በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነበረና፣ ትልቁ የአገሪቱ ውድድር በአውቶቡስ ልንደርስበት ወደምንችለው ሥፍራ ወረደ። ከላሊበላ በጋሸና ዞሮ በድልብ ቁልቁል ወርዶ ወልድያ ለመድረስ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌሊት የተነሣ ሰው ለጨዋታው ይደርሳል፣ ወንድም ወይም አክስት ቤት ያድራል፣ በማግሥቱ ይመለሳል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ድካም ይመስለው ይሆናል። ለላስታ ልጅ ግን ቅዱስ ጊዮርጊስን ያህል ቡድን፣ ስሙን በሬዲዮ ሲሰማ ያደገውን ቡድን፣ ተጫዋቾቹ ሲተነፍሱ እስኪሰማው ድረስ ቀርቦ ማየት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር ነበረ። እንዲህ ያለው ሕንፃ በዚህ አውራጃ ቆሞ እያለ የአገሪቱ ትልቁ ውድድር የሚደረገው በሩቅ ከተሞች መሆኑ፣ ለኔ አሁንም ሊዋጥልኝ ያልቻለ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪዎቼ ሊያነሡት የሚገባቸውን ጽኑዕ ነገር እነርሱ ሳያነሡት እኔ ላንሣው፤ ምክንያቱም የሆነው በዚያው በወልድያ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ልታደርገው የነበረው ግጥሚያ፣ በደጋፊዎች መካከል ተነሥቶ ወደ ከተማው ጎዳና በተስፋፋ ግጭት ምክንያት ሳይደረግ ቀረ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረትም ወደመ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክልሎች ቡድኖች አንዱ ወደ ሌላው መሄዱን እየፈሩ በገለልተኛ ሜዳ ይጋጠሙ ጀመር፤ በዚያው ዓመትም ወልድያ ከሊጉ ወረደ። እኔ ያንን ቀን ለማስተባበል አልነሣም። ስታዲየሙ የኛ ነበረ፤ ጥፋቱም በኛ ደጃፍ የተፈጸመ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ምንድር ነው? ተከራካሪዎቼ «ሕዝቡን ከሜዳ አርቁት» የሚለውን ትምህርት አገኙበት። እኔ ደግሞ የዚያ ዘመን ጠብ ከኳስ እንዳልተወለደ፣ በቤተ መንግሥትና በፓርቲ ጉባኤ የተጠመቀ ጠላትነት ወደ ስታዲየም ወርዶ እንደ ፈነዳ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ኳስ ባልነበረበት ጊዜ ያ ጠላትነት በመድፍና በታንክ እንደ ገና እንደ ተነሣ እመለከታለሁ። ሜዳው ባዶ ሆነ፤ ጠቡ ግን አልቀረም። እንዲያውም ጎንደሬ ወደ መቀሌ፣ የመቀሌ ሰው ወደ ወልድያ፣ ወላይታው ወደ ባሕር ዳር ሊሄድ የሚችልበት ምክንያት ከንግድና ከስደት በቀር ምን ቀረልን? የትግራይ ክለቦች ከጦርነቱ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ሲመለሱ እሰየው ያላለ የለም፤ ሆኖም መቀሌ 70 እንደርታ ሲመለስ መቀሌ ላይ እንግዳ አልተቀበለም፣ እንግዳም ሆኖ ጎንደር አልገባም፤ ሁለቱም በሦስተኛ ሰው ቤት ተገናኙ። እርቅ እንዲህ አይመሠረትም። አበው ባለ ደምን ሲያስታርቁ አንዱ በሌላው ቤት እህል ውኃ እንዲቀምስ የሚያደርጉት በከንቱ አልነበረምና፣ ሁከት የሚፈራ መንግሥት ፖሊሱን ያጠንክር፣ ቲኬቱን በስም ይሽጥ፣ ድንጋይ የወረወረውን በሕግ ይቅጣ፣ ያጠፋ ክለብም ለተወሰነ ጊዜ ሜዳውን ይዘጋበት እንጂ፣ አንድ ዓመት በአንድ ከተማ በደረሰ ጥፋት አገር ሁሉ ለዘለዓለም መቀጣት የለበትም።

ስለ ጊዜውም ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም የሥፍራው በደል የሚታይ ሲሆን የጊዜው በደል ግን ሳይታይ የሚጎዳ ነው። የሚቀጥሉት ሳምንታት በየትኛው ከተማ እንደሚደረጉ ለደጋፊው የሚነገረው እየተቆራረጠ፣ የዙሩ መጨረሻ ሲቃረብ ነው፤ የግጥሚያው ቀንም በሳምንቱ ቀኖች ሁሉ ይበተናል፣ ሰዓቱም ለሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ በ9 ሰዓት ወይም የገጠሩ ሰው ወደ ቤቱ በሚገባበት በ12 ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለው ልማድ በየትም አገር ቢደረግ ነውር ነው፤ በኢትዮጵያ ሲደረግ ግን ነውሩ እጥፍ ነው፤ እኛ የዓመቱን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅን የለመድን ሕዝብ ነንና። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንቱ መጥቅዕና አበቅቴውን ቈጥረው ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ትንሣኤ በየትኛው ቀን እንደሚውል በዘመን መለወጫ ዕለት ለሕዝቡ ያውጃሉ፤ መጻሕፍት የማያነብ ገበሬም ያንን ሰምቶ ሠርጉን፣ ማኅበሩን፣ መንገዱን ያሰናዳበታል። በዚች በላሊበላ የገና ዕለት በማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ ለማየት፣ ከዋግና ከራያ፣ ከጎጃምና ከጎንደር ሰው በእግሩ ቀናት ተጉዞ የሚመጣው፣ በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ በ28 እንደሚውል፣ ሥፍራውም ሌላ ሳይሆን ያችው ቤተ ማርያም እንደምትሆን ቅንጣት ስለማይጠራጠር ነው። ሥርጭቱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ግን ማንም ሰው «እንግዲህ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ዘንድሮ ለካሜራው ወደሚመች ከተማ እናዛውረው» ብሎ አላሰበም። ኳስን ከበዓል ጋር አላስተካክልም፤ ይሁን እንጂ ሕዝብን አንድ ቦታ የሚሰበስብ ነገር ሁሉ የታወቀ ሥፍራና የታወቀ ቀን እንደሚፈልግ የሚያስተምር ምስክር ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

ይህ የኛ አገር ድካም ብቻ አይደለም፤ ሀብታሙም አገር በዚሁ ፈተና ወድቆ ተምሮበታል። በአሜሪካ፣ መልካቸው በየጎዳናው ከሚነዱት የቤት መኪናዎች ጋር የሚመሳሰል መኪናዎች የሚሽቀዳደሙበት፣ ስቶክ ካር የሚባለው የናስካር ውድድር ያደገው በደቡቦቹ ትናንሽ ከተሞች ነው። ኖርዝ ዊልክስቦሮ የሚባለው የኖርዝ ካሮላይና ሜዳ ከመጀመሪያው ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተናግድ ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ሜዳውን የገዙት ነጋዴዎች የውድድር ቀኖቹን ወደ ትልልቆቹና ወደ አዲሶቹ ሜዳዎቻቸው ወሰዱትና የአሮጌው ሜዳ መቀመጫ ዐረም በቀለበት። በሳውዝ ካሮላይና ዳርሊንግተን ደግሞ፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በሴፕቴምበር መግቢያ በሚከበረው በሠራተኞች በዓል ሰሞን ሳውዘርን 500 የሚባል ታላቅ እሽቅድምድም ይደረግ ነበረና፣ ቤተ ሰብ ሁሉ ዓመቱን የሚቈጥረው በዚያ ቀን ነበረ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሹማምንቱ ብዙ ሕዝብና ሰፊ ገበያ ፍለጋ ያንን የበዓል ቀን በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ለሚገኝ ለካሊፎርኒያ ሜዳ ሰጡት። በዚያን ጊዜ ለደጋፊው የተነገረው ቃል ለኛ ከሚነገረው ብዙ የተለየ አልነበረም፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ ገበያው ወደዚያ ነው ተባለ። ደጋፊው ግን አልተለወጠም፤ ዓመት ከዓመት አጉረመረመ፣ ከአዲሱ ሜዳም ቀረ። በ2015 እ.ኤ.አ. ቀኑ ወደ ዳርሊንግተን ተመለሰ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ኖርዝ ዊልክስቦሮ ታድሶ ምርጥ ነጂዎች የሚወዳደሩበትን ግጥሚያ አስተናገደ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ደግሞ የካሊፎርኒያው ሜዳ የመጨረሻ ውድድሩን አድርጎ ተዘጋ። ከኛ ይልቅ እጅግ የበለጠ የቴሌቪዥን ገንዘብ ያለው ማኅበር፣ ገንዘቡን ሳይጥል ወደ አሮጌው ሥፍራና ወደ አሮጌው ቀን ለመመለስ ተገደደ።

በኛ ዘንድ ግን ከቤት መውጣቱ ከሊጉ አልፎ ወደ ሌላውም ስፖርት ተሻግሯል። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተሰንበት ግደይ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ ሮጣ፣ ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ሜዳ ያስመዘገበችውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ውድድሩ የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ነበረ፤ ሯጮቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ሜዳው ግን የሆላንዱ ሄንግሎ ነው። ባለሙያዎቹ በኛ ደጋ ላይ በቀጭን አየር የተሮጠ ሰዓት ለማጣሪያ እንደማይበቃ ይነግሩናል፤ እውነታቸውን ነው፣ እቀበላለሁም። ይሁን እንጂ የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረበት የአገራችን ማጣሪያ ከአገር ልጅ ዐይን ርቆ ሲደረግ እንዳዘንን የሚናገር አንድ የፌዴሬሽን ሰው እንኳ አለመስማቴ ነው የገረመኝ። ዝም ብለን ለመድነው።

ብሔራዊ ቡድናችንም እንዲሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ በኛ ዘመን ካታንጋና ሚስማር ተራ በተባሉት የስታዲየሙ መቀመጫዎች የተቀመጡት ደጋፊዎች አባቶች በዚያ ቆመው ነበረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያችኑ ግብፅን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቧቸው ጎሎች 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነበረ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በአገራችን ያለውን ስታዲየም ሁሉ ለብቁነት የማይደርስ ነው ብሎ ከልክሎን ነበርና። እንዲህ ያለ ድል በአገሩ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ስንት ሕፃን በዚያ ቀን ኳስ ተጫዋች ለመሆን ይቈርጥ ነበር!

ስታዲየሞቻችን ብቁ አይደሉም የሚለው ክርክር እንግዲህ ከዚህ ይመጣል፤ የክለቦቹም ሜዳ መብራቱ፣ መልበሻ ክፍሉ፣ ሣሩ አይበቃም ይባላል። አይበቃም፤ ግን የሚበቃው መቼ ነው? ግጥሚያ የማይደረግበትን ሜዳ የሚያድስ ከንቲባ ከየት ይገኛል? ቲኬት የማይቈረጥበት ስታዲየም፣ በዙሪያው ቆሎና ሻይ የማይሸጥበት፣ አልጋ የማይያዝበት፣ የባጃጅ ገቢ የማይገኝበት ስታዲየም ለከተማው ምክር ቤት በጀት የሚበላ ድንጋይ ነው። ሰዎቹ ሜዳው ሲሻሻል ጨዋታው ይመለሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ጨዋታው ሲመለስ ሜዳው ይሻሻላል እላለሁ፤ በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ያን የሚያህል ሕንፃ ያገኘችው ቡድኗ ታላቆቹን ቡድኖች በደጇ በሚቀበልበት ዘመን እንጂ ሁሉም ነገር ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ዘመን አልነበረምና።

ወጪ ይቀንሳል የሚባለውም የተመረመረ አይደለም፤ ቡድን ሙሉ ሰው ለወራት በሆቴል ማሳደርና ማብላት ከአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይረክሳል የሚለው ሒሳብ እንደማያስኬድ የክለብ ሥራ አስኪያጆች ራሳቸው ያውቁታል፤ ተጫዋቹም ከሚስትና ከልጅ ርቆ የሚኖር ወታደር ሆኗል። ከዚህም ሁሉ በላይ ፍትሕ ይጐድላል። አስተናጋጅ ከተማ ያለው ቡድን በገዛ ሣሩ ላይ፣ በገዛ ደጋፊው ፊት ይጫወታል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ነው። ሊግ ማለት ሁሉም በየሜዳው አንድ ጊዜ ባለቤት፣ አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኖ የሚመዘንበት ሚዛን ሲሆን፣ አንዱ ወገን ተራው ሲደርስ ባለቤት፣ ሌላው ሁልጊዜ እንግዳ የሆነበት ውድድር በዚያ ሚዛን የተመዘነ አይደለም፤ ዋንጫውም ሲሰጥ የሚነሣበትን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

ቴሌቪዥንን የምጠላ መስሎት አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ለክለቦች የሚያስፈልግ ነው፤ ይምጣ፣ ይብዛም። ነገር ግን የሥርጭት ነጋዴ የሚገዛው ምንድር ነው? የሚገዛው የሕዝቡን ፍቅር ነው። ሕዝቡ የማይገኝበትን፣ መቀመጫው ባዶ የሆነውን ጨዋታ ዛሬ ከገዛ፣ ነገ ውሉ ሲያልቅ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ እየቈየም አይጠይቅም። ለካሜራው ምቾት ሲባል ደጋፊውን የሸጠ ማኅበር የሸጠው የገዛ ዕቃውን ነው።

ስለዚህ ለሊጉ አክሲዮን ማኅበርና ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የማቀርበው ልመና ይህ ነው። ቡድኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደየቤታቸው ይመለሱ አልልም፤ ጸጥታው ያልተረጋጋበት ሥፍራ አለ፣ አማራ ክልልም ዛሬ ራሱ በዚያ መከራ ውስጥ እንደሚገኝ ማንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ጸጥታው የጸናበት ከተማ ክለብ ከሚመጣው የውድድር ዘመን ጀምሮ በሜዳው ይጫወት፤ ያልጸናበት ደግሞ ሰላም የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ሜዳው እንዲመለስለት ዛሬ በጽሑፍ ቃል ይገባለት። የየዓመቱ መርሐ ግብር ከነከተማው፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት ይታወጅ፤ ከታወጀም በኋላ ያለ ታላቅ ምክንያት አይነካ። ቢያንስ የሳምንቱ ታላላቅ ግጥሚያዎች ሠራተኛውም ተማሪውም ገበሬውም ሊያያቸው በሚችልበት በእሑድ ከቀትር በኋላ ይደረጉ። የወልድያ ስታዲየምም እስከዚያው ድረስ ዝም ብሎ ከሚቆም፣ ለከፍተኛ ሊጉና ለወጣቶች ውድድር ይሰጥ፤ የላስታ፣ የዋድላ፣ የራያና የየጁ ልጆች ኳስን በዐይናቸው የሚያዩበት በር ይከፈት። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ፣ አዲስ ገንዘብም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ የክለብ ፕሬዚዳንት እጁን አንሥቶ «ደጋፊዬ ቡድኔን የሚያየው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው፤ እኔም እያንዳንዱ አንባቢ የሚደግፈውን ክለብ ሹማምንት ይህን ጥያቄ እንዲያነሡ በደብዳቤም፣ በአካልም፣ በማኅበሩ ስብሰባም እንዲያስገድዳቸው አደራ እላለሁ።